ቁንጫ፣ ትልና መዥገር፦ "በየወሩ ስጡ" እና "መርዝ ነው ተዉት" በሚሉት መሀል

እ.ኤ.አ. በ2025 እንግሊዝ አገር ያለው የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 103 የወፍ ጎጆዎችን መርምረው ሁሉም ውስጥ ፊፕሮኒል የሚባለውን የቁንጫ መድኃኒት አገኘን ካሉ ወዲህ የቤት እንስሳ ያለው ሰው ወሬ ለሁለት ተከፍሏል። ወፎቹ ለጫጩቶቻቸው እንዲሞቅ ብለው ጎጆው ውስጥ የሚያነጥፉት ከየቦታው የለቀሙትን የእንስሳት ፀጉር ነው፣ መድኃኒቱም አብሮ የገባው ከዛ ፀጉር ጋር ነው ተብሎ ይታመናል። ግማሹ ሰው "በቃ መርዝ ነው፣ ተዉት" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "ቁንጫ ቤትህን ሲወርስህ ታየዋለህ፣ ዝም ብለህ በየወሩ ስጥ" ይላል። ሁለቱም ጋር እውነት አለ። ግን ክርክሩ ራሱ የተሳሳተ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል።

ነገሩ የተምታታው የት ነው

ቁንጫ፣ የሆድ ትልና መዥገር ሁሉም "ፓራሳይት" ይባላሉ፣ ማለትም ሌላ አካል ላይ ወይም ውስጥ ተጠግቶ ከሱ እየበላ የሚኖር ተህዋስ። ቃሉ አንድ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ የሚሆን ይመስለናል፣ የመድኃኒት ማስታወቂያውም "ሁሉንም በአንድ ኪኒን" እያለ ይሄንኑ ሀሳብ ያጠናክራል። አኗኗራቸው ግን በፍጹም አይገናኝም። አንዱ እድሜውን በአብዛኛው የሚጨርሰው ምንጣፍ ውስጥ ነው፣ አንዱ አንጀት ውስጥና አፈር ላይ፣ አንዱ ደግሞ ሳር ጫፍ ላይ ወጥቶ የሚያልፍ እንስሳ ሲጠብቅ ነው የሚኖረው። ስለዚህ "መድኃኒት ልስጥ ወይስ አልስጥ" ከሚለው ጥያቄ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፣ የትኛው ተባይ ነው፣ ከእንስሳው ውጪ ሲሆንስ የት ነው ያለው? ይሄ ካልተመለሰ መድኃኒቱ ቢሰጥም ባይሰጥም ግምት ነው።

ቁንጫ፦ እንስሳው ላይ የሚታየው ጥቂቱ ነው

በቅድሚያ አንድ የሚያስገርም ነገር፣ ውሻ ላይ በብዛት የሚገኘው ቁንጫ የውሻ ቁንጫ የሚባለው ዝርያ አይደለም፣ የድመት ቁንጫ የሚባለው ነው። ውሻና ድመት አብረው የሚኖሩበት ቤት ውስጥ አንዱን ብቻ ማከም ለዚህ ነው ትርጉም የሌለው።

ሴቷ ቁንጫ ደም ከጠጣች በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፣ በቀን እስከ 40 እና 50 ድረስ። እንቁላሉ አይጣበቅም፣ ስለዚህ እንስሳው በሄደበት ሁሉ እየረገፈ ይቀራል፣ በተለይ ደግሞ የሚተኛበት ቦታ ላይ። ከዛ እጭ ይወጣል (እጭ ማለት ገና ቁንጫ ያልመሰለች ትንሽ ትል ነገር ናት)፣ እጯ ብርሃን ስለማትወድ ምንጣፍ ስር፣ የወለል ስንጥቅ ውስጥ፣ ሶፋ ስር ትገባለች። የምትበላው ምን ይመስላችኋል? ትልልቆቹ ቁንጫዎች የሚያራግፉትን ኩስ፣ ያውም የደረቀ ደም ነው። ቀጥሎ ደግሞ ፑፓ የሚባለው ደረጃ ይመጣል፣ እጯ በራሷ ዙሪያ የሚያጣብቅ ድር ታደራና እዛ ውስጥ ሆና ወደ ቁንጫነት ትለወጣለች። ድሩ ስለሚያጣብቅ አቧራውና ክሩ ይለጠፍበታል፣ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው እንኳን ከምንጣፍ ቆሻሻ የተለየ ነገር አይመስልም።

ሁሉ ነገር የሚጠመዘዘው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ካለው የቁንጫ ብዛት እንስሳው ላይ የሚገኘው ትልልቁ ቁንጫ በተለምዶ 5 በመቶ አካባቢ ነው የሚባለው፣ ቀሪው 95 በመቶ እንቁላል፣ እጭና ፑፓ ሆኖ ወለሉ ላይ ነው ያለው። ፑፓው ደግሞ የሚረጭ መድኃኒት አይበግረውም፣ ድሩ ይከላከልለታል። ቤቱ ባዶ ከሆነ ለወራት ሳይወጣ ሊጠብቅ ይችላል፣ የእግር ንዝረት፣ ሙቀትና ከትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰማው ነው "ደም መጣ" ብሎ ዘሎ የሚወጣው። ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቤት ከፍተው የገቡ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን እግራቸውን በቁንጫ ሲበሉ ምክንያቱ ሌላ አይደለም።

"መድኃኒቱን ቀባሁት፣ በሳምንቱ ቁንጫው ተመልሶ መጣ፣ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ወይ ቁንጫው ለምዶታል" የሚለው ቅሬታ በብዛት ከዚህ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ መድኃኒቱ ራሱ ችግር ሊኖርበት ይችላል፣ የተበረዘ ወይም የተሳሳተ ዶዝ ሊሆን ይችላል፣ ተባይ መድኃኒት የሚለማመድበትም ሁኔታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዛሬ የሚታየው ቁንጫ ትናንት ከፑፓ የወጣ አዲስ ቁንጫ ነው፣ አሮጌው ሞቷል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ያለው ክምችት እስኪያልቅ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ እስከ 3 ወር አካባቢ፣ ቤት ውስጥ ያሉ ውሾችና ድመቶች ሁሉ ሳይቋረጥ መታከም አለባቸው። በ2ኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ብራንድ መቀየር ሂደቱን ከመጀመሪያው ያስጀምራል እንጂ ምንም አይፈይድም።

ቫክዩም ካለ ቫክዩም፣ ከሌለ አጥብቆ መጥረግ፣ በተለይ ጥግ ጥጉንና የሶፋ ስሩን። ቫክዩሙ እንቁላሉን ከመሳቡ ሌላ ንዝረቱ ፑፓውን ቀስቅሶ ያስወጣዋል፣ የወጣው ቁንጫ ደግሞ የታከመው እንስሳ ላይ ሲወጣ ይሞታል። የእንስሳውን ምንጣፍና ጨርቅ በ60 ዲግሪ ውሃ ማጠብ እንዲሁ። ከዚህ ሌላ የእድገት አጋች የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ሜቶፕሪንና ፓይሪፕሮክሲፈን የሚባሉት ለምሳሌ፣ እነሱ ትልቁን ቁንጫ አይገድሉም ግን እንቁላሉና እጩ ወደ ቁንጫነት እንዳያድግ ያደርጋሉ። የቤት ስፕሬይ ሲገዛ ሌብሉ ላይ እነዚህ መኖራቸውን ማየት ሽታው ከመጠንከሩ ይልቅ ይጠቅማል።

"የኔ ድመት ላይ ቁንጫ አይቼ አላውቅም" የሚል ሰውም ብዙ ነው። ድመት እየላሰች ቁንጫውን ራሷ ትበላዋለች፣ ስለዚህ አለመታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ጥርሱ ጠበቅ ባለ ማበጠሪያ ጀርባዋን፣ በተለይ የጅራቷን ስር ማበጠር፣ የወጣውን ጥቁር ጥቁር ፍርፋሪ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጎ ውሃ ጠብ ማድረግ። አፈር ከሆነ አፈር ሆኖ ይቀራል። ዙሪያውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም እየሰፋ ከሄደ ግን የደረቀ ደም ነው፣ የቁንጫ ኩስ ማለት ነው። አንዳንድ እንስሳት ደግሞ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ አላቸው፣ እነሱ ላይ ጥቂት ንክሻ ብቻ ለቀናት ያሳክካል፣ ጀርባቸው ላይ ፀጉራቸው እስኪረግፍና ቆዳቸው እስኪቆስል ያካሉ። ለነዚህ "ትንሽ ቁንጫ ምን ያደርጋል" የሚለው አይሰራም፣ በጣም ትንንሽ ቡችሎችና የድመት ግልገሎችም ላይ እንደዛው፣ ደማቸው ተመጥጦ በደም ማነስ ሊሞቱ ይችላሉና።

ትል፦ ኪኒኑ ያጸዳል እንጂ አይጠብቅም

የትል ኪኒን "መከላከያ" መባሉ ትልቅ ግራ መጋባት ፈጥሯል። እንደ ፕራዚኳንቴል፣ ፓይራንቴልና ፌንቤንዳዞል ያሉት የተለመዱት የትል መድኃኒቶች በሰጠነው ሰዓት አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ያስወግዳሉ፣ ከዛ ከሰውነት ይወጣሉ። ውሻው በነጋታው የተበከለ ነገር ከላሰ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ "ባለፈው ወር ሰጥቼዋለሁ" ማለት ዛሬ ትል የለበትም ማለት አይደለም።

ሁሉም ኪኒን ሁሉንም ትል አይገድልም፣ ይሄም ይረሳል። ፕራዚኳንቴል ለኮሶ ትል ነው የሚሆነው፣ የውሻ ወስፋትን አይነካውም። ፓይራንቴል ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ወስፋትንና መንጠቆ ትልን ያስወጣል፣ ኮሶን ይተዋል። ብዙዎቹ ኪኒኖች ሁለቱንም ቀላቅለው ስለሚይዙ ነው "የትል ኪኒን" ብለን በጅምላ የምንጠራቸው፣ ግን ሁሉም አይደሉም።

ቡችላ ላይ ነገሩ የሚጀምረው ከመወለዱ በፊት ነው። ቶክሶካራ የሚባለው የውሻ ወስፋት እጩ በእናትየው ስጋ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ስታረግዝ ይነቃና ወደ ሽሉ ይሻገራል፣ ድመት ላይ ደግሞ በጡት ወተት ነው የሚያልፈው። ንፁህ ቤት ውስጥ ተወልዶ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ቡችላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ትል ሲወጣው ባለቤቱ የሚደነግጠው ይሄን ስለማያውቅ ነው። በብዙ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ቡችላን ገና በ2 ሳምንቱ ጀምረው በየ2 ሳምንቱ፣ ጡት ከጣለ በኋላም ለጥቂት ጊዜ፣ የሚያክሙት ለዚህ ነው። እናትየዋም አብራ ትታከማለች።

ውሻው ከኋላው ወይም የሚተኛበት ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ከተገኘ፣ አንዳንዴ ገና እርጥብ ሲሆን ሲንፏቀቅ ሁሉ ይታያል፣ እሱ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ብዙውን ጊዜ ዲፒሊዲየም የሚባለው ዝርያ ሲሆን የሚመጣው ደግሞ ከቁንጫ ነው፦ የቁንጫ እጭ የትሉን እንቁላል ትበላለች፣ አድጋ ቁንጫ ትሆናለች፣ ውሻው ወይም ድመቷ ሲላሱ ቁንጫውን ይውጡታል። እንስሳቸው ላይ በየሁለት ወሩ ኮሶ እየተመለሰ ኪኒን የሚቀያይሩ ሰዎች ቤት ያልታከመው በሽታ ቁንጫው ነው፣ ትሉ ውጤቱ ነው።

ሰውን የሚነካው ክፍል ላይ ነገሩ ጠንከር ይላል። የቶክሶካራ እንቁላል ከአይነ ምድር ጋር እንደወጣ ወዲያው አይዝም፣ ለመብሰል የተወሰኑ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ከዛ በኋላ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ህፃናት አፈር ሲጫወቱ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ሲከቱ እጩ ሰውነታቸው ውስጥ ይዞራል፣ አይን ውስጥ ገብቶ እይታ የሚጎዳበት ሁኔታ አለ። ከዚህ የምንረዳው ምንድነው፣ የውሻን አይነ ምድር በየቀኑ ማንሳት የንፅህና ወይም የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን እንቁላሉ ሳይበስል መቅደም ነው፣ ከኪኒኑ እኩል የሚሰራ መከላከያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢኪኖኮከስ የሚባለው የኮሶ ዘመድ ግን ይሄን እድል አይሰጥም፣ እንቁላሉ እንደወጣ ወዲያው መያዝ ይችላል። ትሉ ራሱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በቀላሉ በአይን አይታይም፣ ውሻውንም ብዙም አያሳምመው፣ ሰው ላይ ሲገባ ግን ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጥራል፣ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፣ አንዳንዴም በኦፕሬሽን ነው የሚወጣው። ውሻ የሚይዘው የታመመ በግ ወይም ሌላ ከብት ጥሬ ጉበትና ሳንባ ሲበላ ነው። ስለዚህ ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚሰጠው ወይም እያደነ የሚበላ ውሻና ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ምግብ ብቻ የሚበላ ውሻ አንድ አይነት የኪኒን ፕሮግራም ሊኖራቸው አይገባም።

መዥገር፦ ጉዳዩ የሰዓት ነው

መዥገር ነፍሳት አይደለም፣ ሙሉ ሲሆን 8 እግር አለው፣ ዘመዱ ሸረሪት ነው። አይዘልም አይበርም፣ ሳር ወይም ቁጥቋጦ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚነካውን ይጠብቃል። አብዛኛው ከእንስሳው ወርዶ ውጪ ነው የሚያድገው፣ ቡናማው የውሻ መዥገር የሚባለው ግን የተለየ ነው፣ ቤት ውስጥና የውሻ ቤት ስንጥቅ ውስጥ ሙሉ ኑሮውን መኖር ይችላል፣ ደም ጠጥታ የተነፋችው ሴት በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። እንደዚህ አይነት መዥገር ሲገባ ስራው እንደ ቁንጫው ግቢውንና ቤቱንም ይጨምራል።

የመዥገር ዋናው ችግር ከሚጠጣው ደም ይልቅ የሚያስተላልፈው በሽታ ነው። ሁሉም በሽታ ግን በአንድ ፍጥነት አይተላለፍም። የላይም በሽታ ባክቴሪያ እንዲሻገር መዥገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ36 እስከ 48 ሰዓት፣ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ኧርሊኪያ የሚባለው የውሻ በሽታ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። በየቀኑ ማታ ውሻን መፈተሽ ለመጀመሪያው በጣም ጥሩ መከላከያ ሲሆን ለሁለተኛው ላይበቃ ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቱም እንደዛው ይለያያል፣ ኪኒኖቹ የሚሰሩት መዥገሩ ነክሶ ደም ሲጠጣ ነው፣ አንዳንድ ኮላሮች (አንገት ላይ የሚታሰሩ) እና ጠብታዎች ደግሞ ከመንከሱ በፊት ያባርሩታል ወይም ይገድሉታል። የትኛው ይሻላል የሚለው አካባቢው ላይ ባለው በሽታ ይወሰናል፣ የሰፈሩ ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ያንን ያውቃል።

የተጣበቀን መዥገር በቫዝሊን ማፈን፣ በክብሪት ማቃጠል፣ ዘይት ማፍሰስ የመሳሰሉት ምክሮች አሁንም ይዞራሉ። መዥገሩ የገባበት አፉ ወደኋላ የተቀለበሰ እሾህ ያለው ነገር ነው፣ አንዳንዱ ዝርያ ላይ ደግሞ ሲሚንቶ የሚመስል ማጣበቂያ ይጨምርበታል፣ ስለዚህ ስለተጨነቀ ብቻ በቀላሉ አይለቅም። እንደውም ሲሰቃይ የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል፣ እኛ የምንፈራው በሽታ ያለው ደግሞ እዛ ውስጥ ነው። ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ቆዳው አጠገብ፣ ከሆዱ ሳይሆን ከአፉ ጋር፣ ይዞ ሳይጠመዝዙ ቀስ እያሉ በእኩል ኃይል ወደ ላይ መሳብ ነው። አፉ ተሰብሮ ቢቀር ብዙም መጨነቅ አያስፈልግም፣ ቆዳው ራሱ ያስወጣዋል። የወጣውን በጣት መጨፍለቅ ግን አይሆንም፣ አልኮል ውስጥ መጨመር ይበቃል። ከዛ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውሻው ትኩሳት፣ ድካም፣ የድድ መንጣት ወይም የሽንት መቅላት ካሳየ ቬቱ ጋር "መዥገር ነበረበት" ብሎ መናገር ምርመራውን በጣም ያሳጥረዋል።

"መርዝ ነው" የሚለው ስጋት ምን ያህል ልክ ነው

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። አይሶክሳዞሊን የሚባሉት አዳዲሶቹ ኪኒኖች (የቁንጫና የመዥገርን ነርቭ የሚያውኩ) እ.ኤ.አ. ከ2013 እና 2014 ጀምረው ገበያ ላይ የዋሉ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለስልጣን አንዳንድ እንስሳት ላይ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ሚዛን ማጣትና እንደሚጥል በሽታ ያለ ነገር ሊያመጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። እዛው መግለጫ ላይ ግን ለአብዛኞቹ ውሾችና ድመቶች ደህና ናቸው ተብሏል። መልእክቱ "አትስጡ" ሳይሆን "ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ ያለበት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ" ነው። በ2021 ደግሞ ሴሬስቶ የሚባለው ኮላር ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የጉዳት ሪፖርት መኖሩ ዜና ሆነ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ገምግሞ በ2023 ሽያጩ እንዲቀጥል፣ ግን ተጨማሪ ማስጠንቀቂያና ክትትል እንዲደረግበት ወሰነ። እዚህ ላይ ሪፖርትና ማስረጃ ይምታታሉ፦ ኮላር አድርጎ የታመመ ውሻ ሁሉ ሪፖርት ይደረጋል፣ ኮላሩ ያሳመመው ይሁን አይሁን ግን በሪፖርቱ ብቻ አይታወቅም፣ በሌላ በኩል ደግሞ ብዙ ሰው ጨርሶ ሪፖርት ስለማያደርግ ቁጥሩ ሊያንስም ይችላል።

የሚያናድደው ግን ሰው ስለ ኪኒኑ ሲከራከር የተረጋገጠው አደጋ ዝም መባሉ ነው። ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ያለበት የውሻ ጠብታ ድመትን ይገድላል፣ የድመት ጉበት ያንን ኬሚካል የሚሰባብርበት መንገድ ደካማ ስለሆነ። "ትንሽ ነች፣ ግማሹን ላድርግላት" ብሎ የውሻውን ለድመት ማካፈል በየጊዜው ድመቶችን ወደ ድንገተኛ ህክምና የሚያስገባ ስህተት ነው፣ ውሻው ላይ ገና ሳይደርቅ ድመቷ ብትላሰው ወይም አብራው ብትተኛም ያው ነው። ኮሊና የመሳሰሉት አንዳንድ የውሻ ዝርያዎች ደግሞ ኤምዲአር1 በሚባል ጂን ላይ ባለ ለውጥ ምክንያት አይቨርሜክቲን የሚባለው የጥገኛ ተህዋስ መድኃኒት በብዛት አንጎላቸው ውስጥ ይገባል፣ የከብት አይቨርሜክቲን በግምት ለውሻ መስጠት ስለዚህ ቁማር ነው። "ኔቹራል" የሚባለውም የራሱ ጣጣ አለው፣ ነጭ ሽንኩርት የውሻና የድመት ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ቲ ትሪ ኦይል ቆዳ ላይ ሲቀባ ይመርዛል። ከዛፍ የተገኘ ሁሉ ለእንስሳ ደህና ነው የሚል ህግ የለም።

በየወሩ ወይስ እንደ ስጋቱ?

"በየወሩ ለሁሉም" የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው፣ ሰው ይረሳል። ወር በገባ ቁጥር የሚሰጥ ነገር ይለመዳል፣ "ስጋቱን እያያችሁ" የሚባለው ግን ብዙ ቤት ውስጥ "ችግር ሲመጣ" ወደሚል ይቀየራል፣ ያኔ ደግሞ ምንጣፉ ሞልቷል። "እንደ ስጋቱ" በሚለው ወገን የቆሙትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም፣ የእንግሊዝ የእንስሳት ሐኪሞች ማህበር ራሱ በ2021 ሌሎች ሁለት ማህበራትን ይዞ መድኃኒት ለሁሉም በጅምላ ከመስጠት ይልቅ የእያንዳንዱን እንስሳ ስጋት አይቶ መስጠት ይሻላል የሚል አቋም አውጥቷል። ከቤት የማትወጣ፣ የማታድን ድመትና ጫካ ለጫካ የሚሮጥ ውሻ አንድ አይነት 12 ዶዝ በዓመት ያስፈልጋቸዋል ማለት ይከብዳል።

የአውሮፓ የጥገኛ ተህዋስ ባለሙያዎች ምክር ቤት የሆነው ኤስካፕ ስለ ትል የሚለው መሀል ላይ ነው፣ ስጋቱ የማይታወቅ አዋቂ ውሻ ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ ይታከም ወይም አይነ ምድሩ ይመርመር፣ ስጋቱ ከፍ ካለ በየወሩ። ምርመራው ርካሽና ጥሩ ነገር ነው ግን ገና ያላደገ ትል እንቁላል ስለማይጥል አንድ ጊዜ "ነፃ" መባል ለዓመት ዋስትና አይሆንም። ከዚህ ሁሉ የሚለየው የልብ ትል ነው፣ በትንኝ የሚተላለፍ፣ ልብና ሳንባ ስር ውስጥ የሚያድግ ትል። እሱ ባለበት አካባቢ ወርሃዊው ዶዝ ባለፉት ሳምንታት የገቡትን እጮች ሳያድጉ የሚገድል ስለሆነ መዝለል አይቻልም፣ ሲያድጉ ማከሙ አደገኛና ረጅም ነው። ስለዚህ "በየወሩ" የሚለው ለልብ ትል ልክ ነው፣ ቁንጫ ገብቶበት ላለ ቤትም ለተወሰኑ ወራት ልክ ነው፣ እድሜ ልክ ለሁሉም እንስሳ የሚለው ግን ከባዮሎጂው ይልቅ ከሽያጩ ጋር ይበልጥ የሚሄድ ይመስላል።

ወንዙና ጎጆው

ወደ ወፎቹ ስንመለስ፣ እነዛ 103 ጎጆዎች የመጀመሪያው ምልክት አልነበሩም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ከ20 ወንዞች የተወሰዱ ናሙናዎች ሲታዩ ፊፕሮኒል 98 በመቶው ውስጥ፣ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለው ሌላ የቁንጫ መድኃኒት ደግሞ 66 በመቶው ውስጥ ተገኝቷል። ሁለቱም ንብ ይጎዳሉ ተብለው እርሻ ላይ የታገዱ ወይም በጥብቅ የተገደቡ ኬሚካሎች ናቸው፣ የቤት እንስሳ ላይ ግን ቀጥለዋል። መንገዱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ ጠብታው ጀርባ ላይ ሲደረግ በቆዳው ቅባት ላይ ነው የሚሰራጨው፣ ስለዚህ ውሻው ሲታጠብ፣ ወንዝ ሲገባ፣ የሚተኛበት ጨርቅ ሲታጠብ፣ ውሻውን የዳበሰ ሰው እጁን ሲታጠብ ሁሉ ወደ ፍሳሽ ይገባል፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይዘውም። ኪኒን ይሻላል የሚሉ አሉ ግን እሱም ጨርሶ አይጠፋም፣ ብዙው በአይነ ምድር ይወጣል።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ሰው የሚያደርገው ትንሽ ነው ግን ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚገባ ውሻ ላይ ጠብታ ማድረግ ለወንዙም ለኪሱም ኪሳራ ነው፣ መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል፣ ለሱ ሌላ አይነት ቬቱን መጠየቅ ይሻላል። ጠብታ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሌብሉ ላይ ለተጻፈው ቀን ውሃ አለማስነካት፣ አድርጎ የጨረሰውን ባዶ ፕላስቲክ ሲንክ ውስጥ አለማጠብ። የተበጠረውንም ፀጉር ወፎች ይወስዱታል ብሎ ግቢ ውስጥ መበተን ብዙ ሰው እንደ ደግነት የሚያየው ነገር ነበር፣ መድኃኒት የተደረገለት እንስሳ ፀጉር ከሆነ ግን ቦታው ቆሻሻ መጣያው ነው።